አንድ ፊደል

ሳንዶሚዬዥ ትባላለች፣ ኮረብታ ላይ የወጣች ከተማ፤
ከሥሯ ቪስቱላ ይፈሳል፣ ሳይቸኩል፣ ድምፁ ሳይሰማ።
በሰኔ ውሃው ሲጎድል አሸዋው ደሴት ያበቅላል፤
እዚያ ላይ፣ ጎጆ ሳይቀለስ፣ የወፍ እንቁላል ይጣላል፤
ጠጠር ነው ብለው ሲያልፉት፣ ጠጠር መስሎ ይተርፋል።

ይህን እኛ የት አውቀን!
ከዋርሶ በአውቶቡስ መጣን፣ ተጣጥፈን አራት ሰዓት፤
አሥራ አንድ ሰው፣ ሦስት ከበሮ፣ የልብስ ሻንጣ ስምንት።
የዓለም ሕዝቦች የባህል በዓል፤ አርባ ሦስት አገር ተጠርቷል፤
መፈክሩም በየቋንቋው መግቢያው ላይ ተሰቅሏል።
የእኛው አንድ ፊደል ጎድሎት ‹ምድር እናታች ናት› ይላል።
ውድነሽ አይታው ሳቀች፦
«እናት ከተባለች ወዲያ፣ መቼም አንድ ነገር ይጎድላታል።»

ጎርፍ በሚያርፍበት መስክ ላይ ብረት አንጥፈው መድረክ ሠሩ፤
ሳሩ ከሥር ታፍኖ ዋለ፣ መኪኖች ከላይ አደሩ።
ከአጥር ውጭ ያሉት ሰዎች ካርቶን ይዘው ይጮኻሉ፤
ከአጥር ውስጥ ያሉት ሰዎች ቢራ ይዘው ያጨበጭባሉ፤
ፖሊሱ መሐል ላይ ቆሞ ለሁለቱም ወገን እኩል ያዛጋል።

ከንቲባው ማይኩን ያዙና «ፈቃዱ ሕጋዊ ነው» አሉ፣
«ወፎቹም ቢሆኑ እንግዶች ናቸው፤ ነሐሴ ሲደርስ ይሄዳሉ።»
ሰው ሳቀ። ዶብራቫ ስትተረጉምልኝ እኔም ዘግይቼ ሳቅሁ፤
ሰኞ ጠዋት የምሄድ እንግዳ መሆኔን ለአፍታ ረሳሁ።

ዶብራቫ አስተርጓሚያችን ናት፣ አማርኛን ከመጽሐፍ የቀዳች፤
ሰዋስው ላይ እኔን ታርማለች፣ ‹ጤና›ን ግን ‹ቴና› ትላለች።
‹ጠ› እና ‹ቀ› ጉሮሮዋ ጋ ሲደርሱ ይለዝባሉ፤
‹ጠጅ› ‹ተጅ› ሆኖ፣ ‹ቆሎ› ‹ኮሎ› ሆኖ ይወጣሉ፤
ልጆቹ ያስደግሟትና በሳቅ ይፈርሳሉ።

ሦስት ሌሊት መታሁ።
ቆዳው መዳፌን ሲመልስ፣ በሃያ ድምፅ ማጉያ አልፎ
የማዶው ዳገት ይቀበለዋል፣ ወንዙን ላይ ላዩን ቀዝፎ።
እውነቱን ልናገር፦ እንደዚያ መትቼ አላውቅም።
ደስ ብሎኝ ነበር። ያን አልክድም።

ወይዘሮ ቦጉሚዋ ይባላሉ፤ ጡረታ የወጡ
የሒሳብ መምህርት፤ ሰኞ ማለዳ ወደ አውቶቡሱ መጡ።
አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የቆጠሩበትን ደብተር
ጉልበቴ ላይ ዘረጉት። አልተቆጡም። ዶብራቫ ታነብ ጀመር፦
ቀን፤ እንቁላል፤ ጫጩት፤ በመጨረሻም የጠፋበት ምክንያት።
አንዱን ዓመት ጎርፍ። አንዱን ቁራ። አንዱን የግንቦት ውርጭ።
የዘንድሮው መስመር፦ እንቁላል፣ ስልሳ አንድ። ጫጩት፣ ባዶ።
ምክንያት፣
«ከበሮ» አለች ዶብራቫ።

«ቀበሮ?» አልኳት፣ ‹ቀ›ን ከጉሮሮዬ ፈንቅዬ።
«አዎ» አለች፣ «ከበሮ።»

ቀበሮ ከሆነ ዳና አለው፤ አሸዋ ላይ ይነበባል።
ከበሮ ዳና የለውም። ወይም ደግሞ፣ ማን ያውቃል፣
አንዱ እናቶቹን አባሮ ለሌላው መንገድ ጠርጎ ይሆናል።

ወይዘሮዋ እጃቸውን ሰደዱ፤ ከበሮዬን በአንድ ጣት
መቱት፣ ጆሯቸውን አዘንብለው፣ ሐኪም እንደሚመታ ደረት።
ከዚያ ደብተራቸውን አጥፈው ሄዱ።

በመስኮት አያለሁ፦ ሰዎች ብረቱን ያነሳሉ፤ ከሥሩ የወጣው ሳር
ቢጫ ነው፣ የብረቱ ጥለት እንደ ጥልፍ የታተመበት፣ ከዳር እስከ ዳር።

ዶብራቫ ከጎኔ ተቀምጣለች። ስትናገር እንጂ
ስትጽፍ አትስትም፤ ፊደሉን እስከ ዲቃላው ታውቃለች።
«ጻፊልኝ» ብላት ኖሮ፣ ከሁለቱ አንዱን ትጽፍልኝ ነበር።
መንገዱ አራት ሰዓት ነበር።
እስክሪብቶው ኪሴ ውስጥ ነበር።